ቤተሰብ በኮንትራት

ቡና ቀማሽ ነኝ። ከሐረር፣ ከሲዳማ፣ ከጅማ የመጣው ናሙና ተቆልቶና ተፈጭቶ የፈላ ውሃ ሲፈስበት በማንኪያ ስቤ ደረጃውን እናገራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁለት አገሮችን ሳያነሳ አይውልም። አንዷ ብራዚል ናት፤ እዚያ ውርጭ ወረደ ከተባለ ይርጋጨፌ ያለው አቅራቢ በዚያው ቀን ስልክ መደወል ይጀምራል። ሌላዋ ጃፓን ናት፤ የእኛን ቡና «ሞካ» እያለች ለረጅም ዘመን የገዛች፣ ናሙና ውስጥ አንዲት የሻገተች ፍሬ የማታልፍ ደንበኛ። ሁለቱን አንድ ላይ ያሳየኝ ግን የቡና ገበያ አይደለም። ለሥልጠና ጃፓን በሄድኩበት ጊዜ፣ በእረፍት ቀኔ የገባሁበት ኮቤ ከተማ ያለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ነው።

ሕንፃው ከወደቡ በላይ ዳገት ላይ ቆሟል። የጃፓን መንግሥት በ1928 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ብራዚል ለሚሰደዱ ዜጎቹ ማረፊያ እንዲሆን አሠራው። ተጓዦቹ መርከቧ እስክትነሳ ሳምንት አሥር ቀን እዚህ ይቆያሉ። ዓይናቸው ይመረመራል፣ ይከተባሉ፣ ጥቂት የፖርቱጋል ቋንቋ ይማራሉ፤ ከዚያ ዕቃቸውን ተሸክመው ዳገቱን ወደ ወደቡ ይወርዱታል። ኢሺካዋ ታትሱዞ የተባለ ደራሲ በ1930 ከእነሱ ጋር ብራዚል ድረስ ተጉዞ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስለነበራቸው ቆይታ ልብ ወለድ ጽፏል፤ የዛሬው ዝነኛ የአኩታጋዋ ሽልማት በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለዚያ መጽሐፍ ነው።

ዛሬ ሕንፃው ሙዚየም ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች አንዱ ፊት ብዙ ቆየሁ። ባል፣ ሚስትና አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ቀጥ ብለው ቆመው ካሜራውን ያያሉ። ልጁ ከአባትየው የሚያንሰው ቢበዛ በአሥር ዓመት ብቻ ነው። አስጎብኚያችን የነበሩት አዛውንት የማየውን አይተው፣ «ብዙዎቹ ቤተሰብ የሆኑት ለመርከቧ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 ነበር። የሳኦ ፓውሎ የቡና ባለርስቶች ከዚያ ወዲህ ጉልበት የሚያስመጡት በአብዛኛው ከኢጣሊያ ነበር፤ ነገር ግን የዜጎቼ አያያዝ መረረኝ ያለው የኢጣሊያ መንግሥት በ1902 ቲኬት እየተከፈለላቸው የሚሄዱትን ከለከለ። በዚያው ዘመን ጃፓን ከሩሲያ ጋር ያደረገችውን ጦርነት ብታሸንፍም ገበሬዋ በግብርና በዕዳ ጎብጦ ነበር፤ አሜሪካም ለጃፓን ሠራተኞች በሯን እየዘጋች ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1895 ፓሪስ ላይ የወዳጅነት፣ የንግድና የመርከብ ውል ተፈራርመው ኖሮ፣ ወረቀቱ ለዓመታት ሥራ ሳይሠራ ከቆየ በኋላ ጊዜው ደረሰለት። ሚዙኖ ርዮ የተባለው የስደት ኩባንያ መሪ በ1907 ከሳኦ ፓውሎ ክፍለ ግዛት ጋር ተዋዋለ፦ በሦስት ዓመት 3 ሺህ ሰው ለማምጣት።

ውሉ ውስጥ አንድ አስገዳጅ ነገር አለ። ሰው ለብቻው አይመጣም። የሚፈለገው ቢያንስ ሦስት ለሥራ የደረሱ ሰዎች ያሉት ቤተሰብ ነው። ባለርስቶቹ ልምድ አላቸው፤ ብቸኛ ወጣት በማግስቱ ወደ ከተማ ይጠፋባቸዋል፣ ሚስትና ልጅ ያለው ግን ይሰነብታል ብለው ነው። ስለዚህ ሦስት የሚሠራ ሰው የሌለው ቤት ሦስት ማድረግ ነበረበት። የጎረቤት ልጅ በወረቀት ልጅ ሆነ፣ የአጎት ልጅ ወንድም ተባለ፣ ያልተጋቡ ሰዎች መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ተጋቡ። እኛ አገር ዲቪ ደርሶት በወራት ውስጥ «ሚስት» ያገኘ ሰው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የኮቤውን ፎቶ ሳይ ያሰብኩት እነዚያን ሠርጎች ነው። ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው ጉልበት የሚፈልገው ወገን ሲሆን፣ ሰው ደግሞ በተሰጠው ልክ ቤተሰቡን ሰፍቶ ይቀርባል። የጃፓንንና የብራዚልን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ይህ ነገር እየተመላለሰ መጣብኝ።

ካሳቶ ማሩ ሚያዝያ 28 ቀን 1908 ከኮቤ ተነሳች። መርከቧ ራሷ ከሩሲያ የተማረከች ነበረች። በሲንጋፖርና በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል ዞራ ሰኔ 18 ቀን ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። በኮንትራት የመጡት 781 ሰዎች ሲሆኑ 325ቱ ከኦኪናዋ ደሴቶች ናቸው። በስድስት የቡና እርሻዎች ተከፋፈሉ። በደወል ከንጋት በፊት መነሳት፣ በፈረስ ላይ ሆኖ የሚቆጣጠር አለቃ፣ ሩዝና ሚሶ ለለመደ ሆድ በአሳማ ስብ የተሠራ ባቄላና ጨው የበዛበት ደረቅ ዓሣ። ለቀማው ደግሞ ተጋምሶ ነው የደረሱት፤ በአንዳንዶቹ እርሻዎች ዛፉ አርጅቶ ፍሬው ጥቂት ነበር። ለቀማ የሚከፈለው በተለቀመው ልክ መሆኑን እዚህ ጅማም ሆነ ጌዴኦ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፍሬ የሌለበት ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ቢውሉ የሚታፈስ የለም። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ በተመደቡበት እርሻ የቀሩት 191 ብቻ ነበሩ። ቤተሰብ ይሰነብታል የተባለው ስሌት አልሠራም። ሌሊት እየወጡ ጠፉ፣ ወደ ሳንቶስና ወደ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ አርጀንቲና ድረስ ተሻገሩ።

ሚዙኖ ቶኪዮ ተመልሶ በ1911 ጊንዛ በሚባለው ሰፈር «ካፌ ፓውሊስታ» የተባለ ቡና ቤት ከፈተ። የሳኦ ፓውሎ መንግሥት ቡናውን እንዲያስተዋውቅለት በነጻ ይልክለት ነበር። ሲኒው በ5 ሴን ስለሚሸጥ ተማሪና ደራሲ ሁሉ ይገባበታል። ይህን የምጽፈው የሙያዬ ነገር ስለሆነ ነው፦ ዛሬ የእኛን ናሙና አንድ በአንድ የሚመረምር ገዥ ባለበት ገበያ ቡና መጠጣትን ተራው ሰው እንዲለምድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ከስደተኞች ጉልበት ጋር የተያያዘ ነጻ ቡና ነው።

መርከቦቹ አልቆሙም። አሜሪካ በ1924 ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ የጃፓን መንግሥት የብራዚልን ጉዞ ወጪ ራሱ መክፈል ጀመረ፤ በ1933 እና በ1934 በየዓመቱ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሄደ። ከ1908 እስከ 1941 የሄዱት ተደምረው ወደ 190 ሺህ ይጠጋሉ። ኮንትራታቸውን የጨረሱት መሬት እየገዙ ድንች፣ ሻይ፣ ጥጥ አመረቱ፤ በኮቲያ የድንች ገበሬዎች በ1927 ያቋቋሙት የሕብረት ሥራ ማኅበር በኋላ ከአገሪቱ ታላላቆች አንዱ ሆነ።

ከሁሉም ይበልጥ የያዘኝ ግን የጆንያው ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ብራዚል ቡናዋን የምትልክበትን የቃጫ ጆንያ ለመሥራት ጥሬውን ከሕንድ ታስመጣ ነበር። ወደ አማዞን፣ ፓሪንቲንስ አካባቢ የሄዱ ጃፓናውያን ዘሩን ከሕንድ አምጥተው ዘሩ፤ ዓመት ቆጥረው ቢሞክሩም ተክሉ አጥሮ ይቀራል። ኦያማ ርዮታ የተባለው ገበሬ ማሳው ውስጥ ከሌሎቹ ተለይተው የረዘሙ ሁለት ተክሎች አየ። ከሁለቱ ለዘር የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ ከአንዱ ግንድ የተለቀመው ዘር ተባዝቶ የአማዞንን ዳርቻ ሸፈነ፤ ከጥቂት አሥር ዓመታት በኋላ ብራዚል ቃጫ ማስመጣት የማያስፈልጋት ሆነች። ጆንያ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ለቡና ሰው መንገር አያሻም። በ2008 ጃፓን የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘሁበት ብላ የኢትዮጵያን ቡና ባገደችበት ጊዜ ለችግሩ ምንጭነት የተጠቆመው ጆንያው ነበር። ያኔ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እያገላበጥን ስናሸት የዋልንባቸው ሳምንታት ትዝ ይሉኛል።

በጥር 1942 ብራዚል ከጃፓን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ከዚያ በፊት ገና በጌቱሊዮ ቫርጋስ አገዛዝ የጃፓንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ጋዜጦቹም ታግደዋል። አሁን በአደባባይ ቋንቋውን መናገር ወንጀል ሆነ፤ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል። በሐምሌ 1943 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በሳንቶስ አቅራቢያ መርከቦች ሲያሰጥሙ፣ ከተማዋ ውስጥ ያሉ ጃፓናውያን በ24 ሰዓት እንዲወጡ ታዘዘ። ወደ 6,500 የሚሆኑ ሰዎች ቤታቸውን፣ ዶሮአቸውን፣ ሱቃቸውን ትተው ባቡር ላይ ተጫኑ። የእነኦያማም ሰፈር ተወረሰ።

ጋዜጣ የሌለው፣ ሬዲዮው የተወሰደበት፣ የአገሩን ቋንቋ በቅጡ የማያነብ ሕዝብ ምን እንደሚሆን ለማየት ከ1945 በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። ጃፓን እጅ ሰጠች ሲባል አብዛኛው ስደተኛ አላመነም። እንዲያውም አሸንፈናል፣ መርከብ ሊወስደን እየመጣ ነው የሚል ወሬ ከእርሻ እርሻ ዞረ። ሺንዶ ረንሜይ የተባለ ማኅበር ተሸንፈናል የሚሉትን ከሃዲ ብሎ ማደን ጀመረ። በመጋቢት 1946 በባስቶስ ከተማ የሕብረት ሥራ ማኅበር ኃላፊ የነበሩት ሰው ተገደሉ። እስከ 1947 መጀመሪያ ድረስ 23 ሰዎች በወገኖቻቸው እጅ ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ይህን ያህል ደም የፈሰሰው እውነቱን የሚነግራቸው የታመነ ጋዜጣ ስላልነበራቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ጋዜጣ የዘጋው ደግሞ መንግሥት ነው። የብራዚል የምሕረት ኮሚሽን ለዚያ ዘመን በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቀው በሐምሌ 2024 ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል።

መንግሥታቱ በ1952 ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የንግድ ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሚናስ ጄራይስ ክፍለ ግዛት ኡዚሚናስ የተባለው የብረት ፋብሪካ በጃፓን ገንዘብና ባለሙያ እገዛ መገንባት ጀመረ። በ1962 የጃፓን ብረት አምራቾች የብራዚልን የብረት ማዕድን ለረጅም ዓመታት ለመግዛት ተዋዋሉ፣ ለዚህም ሲባል በ1966 ቱባራው ወደብ ተከፈተ። በ1973 አሜሪካ አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ የደነገጠችው ጃፓን የብራዚልን ሴራዶ የሚባል ሰፊ ደጋማ ሣር ምድር ወደ እርሻ የሚለውጥ ፕሮጀክት ከ1979 ጀምሮ ደገፈች። ብራዚል ዛሬ በአኩሪ አተር የዓለም ቀዳሚ ለመሆኗ ያ አንድ ምክንያት ነው፤ ለሴራዶ ዱርና ውሃ መመናመንም እንዲሁ።

ሰው ወደ ኋላ መመለስ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የብራዚል ኑሮ ውድነት ደመወዝ ከኪስ ሳይወጣ የሚያሟሟበት ደረጃ ደርሶ ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ ሠራተኛ አጡ። የቶኪዮ መንግሥት የውጭ ጉልበት ሠራተኛ በገሃድ ማስገባት አልፈለገም፤ ስለዚህ በሰኔ 1990 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በደም በኩል መጣ። የጃፓናዊ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆነ፣ ከትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆቹ ጋር ገብቶ ያሻውን ሥራ መሥራት ይችላል። አያት ድረስ ተቆጠረ። ቅድመ አያት ግን ውጭ ቀረ። በ2007 ጃፓን ውስጥ ያሉ ብራዚላውያን ከ310 ሺህ በለጡ። አብዛኞቹ የገቡት በደላላ ኩባንያ በኩል ነው፤ ቅጥሩ በፋብሪካው ሳይሆን በደላላው ስም፣ ቤቱም የደላላው፣ ሥራ የቀረ ዕለት ቤትም የሚቀርበት።

ኦይዙሚ ከቶኪዮ በስተሰሜን ባለው ጉንማ ክፍለ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአምስት ነዋሪዎቿ አንዱ ገደማ የውጭ ዜጋ ነው። ከባቡሩ እንደወረዱ ሰሌዳው በሁለት ቋንቋ ነው፤ ሱቁ ጥቁር ባቄላ፣ የካሳቫ ዱቄት፣ የአይብ ዳቦ ይሸጣል። ገብቼ ቡና አዘዝኩ። ባለቤቷ ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ፊታቸው ከጎረቤቶቻቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ ግን እጃቸው አብሮ የሚናገር ሴት ናቸው። ውሃውንና ስኳሩን አንድ ላይ አፍልተው ዱቄቱን ጨመሩበት፣ በጨርቅ ማጥለያ አጣርተው በትንሽ ብርጭቆ ሰጡኝ። ደረቅ የብራዚል ቡና ነው፣ ወፈር ያለ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል፣ አሲዱ ዝቅ ያለ። እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ከኢትዮጵያ መሆኔንም ስነግራቸው ሁለተኛውን ብርጭቆ አላስከፈሉኝም። እሳቸው በጃፓንኛና በጥቂት እንግሊዝኛ፣ እኔ በተለማመድኩት ጃፓንኛ ተግባባን።

አያታቸው በ1930ዎቹ በኮቤ በኩል የሄዱ ናቸው። እሳቸው በ1991 ከባላቸው ጋር መጡ፤ ለሁለት ዓመት ተብሎ። የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠሩ። ትልቋ ልጃቸው በ1986 የተወለደች ናት፤ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብለው ሎንድሪና ከተማ እናታቸው ጋር ተዋት። ሁለት ዓመቱ አሥር ሆነ። ልጅቷ አሥራ ስምንት፣ ከዚያ ሃያ ሞላት፤ ሕጉ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነው የሚለው። እናቷ ሦስተኛ ትውልድ ስለሆኑ ይኖራሉ፤ እሷ አራተኛ ትውልድ ስለሆነች አትገባም።

የእኛም ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ታላቅ እህቴ ለሥራ ጂዳ ስትሄድ ልጇ ገና ዳዴ ይል ነበር። ያሳደገችው እናታችን ናት። የእህቴ ኮንትራት ስለ ደመወዝ፣ ስለ እረፍት ቀን፣ ስለ ቲኬት ይናገራል፤ ልጅ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም። ኢትዮጵያ በ2013 ወደ አረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዳ፣ በ2016 አዋጅ አውጥታ፣ በ2018 እገዳውን አንስታለች፤ ከተቀባይ አገሮች ጋርም ስምምነት ተፈራርማለች። አንዲት እናት ልጇን ለማየት በዓመት ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚገባት በእነዚህ ድርድሮች ላይ እንደ ደመወዙ ጠንከር ተደርጎ ሲነሳ ማየት እፈልጋለሁ። ተደራዳሪዎቻችን ይህን ሲያነሱ ቅንጦት የጠየቁ እንዳይመስላቸው፤ ባለርስቶቹ በ1907 ስለ ቤተሰብ አንቀጽ ያስገቡት የቤተሰብን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ኦይዙሚ ልመለስ። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ መጀመሪያ የተቀነሱት በደላላ የተቀጠሩት ናቸው። በ2009 የጃፓን መንግሥት ወደ አገሩ ለሚመለስ ሠራተኛ 300 ሺህ የን፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ 200 ሺህ የን ሰጠ፤ ገንዘቡን የወሰደ ግን በዚያው ቪዛ ተመልሶ እንዳይመጣ ተባለ። ወደ 20 ሺህ ብራዚላውያን ወሰዱ። የሴትየዋ የባል ወንድም አንዱ ነበር። እሳቸው ከባላቸው ጋር ሦስት ቀን ተጨቃጭቀው ቀሩ፤ ባቄላና የካሳቫ ዱቄት የሚሸጡበትን ይህን ሱቅ የከፈቱት ከፋብሪካው ከተቀነሱ በኋላ ነው።

ጃፓን ለአራተኛ ትውልድ በሯን የከፈተችው በሐምሌ 2018 ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለአምስት ዓመት ብቻ፣ ቤተሰቡን ሳያስከትል። በ1908 ያለ ቤተሰብ መሄድ አይቻልም ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የእነዚያው ሰዎች የልጅ ልጅ ልጅ ያለ ቤተሰብ ብቻ ነው መምጣት የሚችለው። የኮቤው ፎቶ ላይ ያለው ሰው ቤተሰብ ሰፍቶ ሄደ፤ ይኼኛው ቤተሰቡን ትቶ ይምጣ ተባለ። በሁለቱም ጊዜ ሕጉን ያወጣው ሰው ሞራል የጎደለው ነው አልልም፤ ፋብሪካውንና እርሻውን እያየ ነው ያወጣው። ያመለከተው ሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ስለሆነም በ2023 መጨረሻ የዕድሜው ጣሪያ ወደ 35 ከፍ ብሎ፣ አምስት ዓመቱን የጨረሰ ሰው ፈቃዱ ተቀይሮለት የሚኖርበት መንገድ ተከፈተ።

የሱቁ ባለቤት ልጅ በ2018 ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ በ2023 ሠላሳ ሰባት። ሁለቱንም ጊዜ አለፋት። በዚያው በ2023 መስከረም ግን ሁለቱ አገሮች ለጉብኝት የሚሄዱ ዜጎቻቸውን ቪዛ መጠየቅ አቆሙ፤ ብራዚላዊ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ጃፓን እንዲቆይ ተፈቀደለት። ልጅቷ የአምስት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ እንደ ቱሪስት መጣች። እኔ በሄድኩ ጊዜ ከሱቁ ጓዳ ሆና ዕቃ ትደረድራለች፤ ደመወዝ መቀበል ስለማትችል እናቷን ማገዝ እንጂ ሥራ አይባልም። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር በጃፓንኛ መቁጠር እየተማረች ነበር። የመመለሻ ቲኬታቸው ለሚቀጥለው ወር ነው፤ ሴትየዋም ከዓመት ዓመት እንዲህ እየመጡ እንዲቀጥሉ ቲኬቱን ከሱቁ ገቢ እንደሚቆጥቡላቸው ነገሩኝ።